ስለ መንደር የኮምፒዩተር ቤት፤ በሩ ለማን እንደሚከፈት

ገበሬ ዘሩን ከመሬት ላይ ከመጣሉ በፊት ሊያውቀው የሚሻው ነገር ብዙ ነው። ዝናቡ መቼ እንደሚገባ፣ የማዳበሪያው ዋጋ በወዲያኛው ገበያ ስንት እንደ ሆነ፣ የታመመችበት ላም ሐኪም በየት እንደሚገኝ፣ መንግሥት ለችግረኛ ቤተ ሰብ የመደበው ርዳታ ቢኖር የርሱ ስም በመዝገቡ መግባት አለመግባቱን ማወቅ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ወሬ በአንድ ስፍራ ተጽፎ ይገኛል፤ ገበሬው ግን ከዚያ ስፍራ ርቆ ይኖራል። ነጋዴው አስቀድሞ ያውቃል፤ ገበሬው ከነጋዴው አፍ ይሰማል። ከነጋዴው አፍ የሚሰማው ዋጋ ደግሞ ለማን የሚስማማ ዋጋ እንደ ሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ይህን ርቀት ለማሳጠር በብዙ አገሮች፣ በተለይም ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ፣ መንግሥታትና የበጎ አድራጎት ማኅበሮች ማንኛውም ሰው ገብቶ የሚጠቀምባቸውን የኮምፒዩተር ቤቶች በገጠርና በድኾች ሰፈር ከፍተዋል። ከነዚህም አንዳንዶቹ ሕዝቡን ጠቅመዋል፤ ሌሎቹ ግን ጥቂት ዓመት ሠርተው ተዘግተዋል፤ መሣሪያዎቻቸውም አቧራ ለብሰው ቀርተዋል። መሣሪያው በሁሉም ዘንድ ከሞላ ጐደል አንድ ዓይነት ሲሆን ፍሬው ስለምን እንደ ተለያየ መመርመር የወረዳና የቀበሌ ሥራ በእጁ ላለ ሹም ሁሉ የሚጠቅም ነው፤ ምክንያቱም ልዩነቱን ያመጣው ኮምፒዩተሩን የሠራው መሐንዲስ ሳይሆን፣ ቤቱ በየት እንዲቆም፣ የበሩም ቍልፍ በማን እጅ እንዲሆን የወሰነው ሰው መሆኑ ታይቷል።

ለዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚገኝበት ስፍራ በሕንድ አገር ነው። በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ከቼናይ ከተማ በስተ ደቡብ፣ ፖንዲቼሪ የምትባል እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ በፈረንሳዮች እጅ የነበረች ግዛት አለች። በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ሩዝ የሚያበቅሉ፣ ሸንኮራ አገዳ የሚተክሉ፣ በባሕሩ ዳርም ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ይኖራሉ። በዚያ ስፍራ ሥራውን የጀመረው በ1980 ዓ.ም. በቼናይ የተቋቋመው የኤም. ኤስ. ስዋሚናታን የምርምር ድርጅት ነው። መሥራቹ ፕሮፌሰር ስዋሚናታን አጭር አገዳ ያለውንና ብዙ የሚያፈራውን የስንዴ ዘር ለሕንድ ገበሬ በማላመድ አገራቸው ከረኃብ ሥጋት እንድትወጣ ከደከሙት ሊቃውንት ዋነኛው ሲሆኑ፣ የዓለም የምግብ ሽልማት በተመሠረተ ጊዜም የመጀመሪያውን ሽልማት የተቀበሉ እርሳቸው ናቸው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በ98 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ፣ አዲስ ጥበብ ሲመጣ አስቀድሞ ባለጠጋውን እንደሚያገኝ፣ ድኻውንና ሴቲቱን ግን እንደሚያልፋቸው አውቀው፣ ሥራው ከነርሱ እንዲጀምር ይደክሙ ነበር።

በጥር 1990 ዓ.ም. ሥራው ሲጀመር፣ የካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል በገንዘብ ረድቶ፣ ከኮምፒዩተር ግዥ አስቀድሞ ጥያቄ ተጠየቀ። የድርጅቱ ሰዎች በየመንደሩ እየዞሩ፣ ሰው ሁሉ ወሬ ከማን እንደሚሰማና የትኛው ወሬ እንደሚጎድለው መረመሩ። የተገኘውም መልስ፣ ገበሬው ስለ እርሻው የሚያውቀውን አብዛኛውን ነገር የሚሰማው ከባለ ሱቁ፣ ከገበያና ዘርና መድኃኒት ከሚሸጥለት ወኪል መሆኑን አሳየ። ይህ መልስ በየትኛውም አገር ላለ የግብርና ሠራተኛ እንግዳ አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ድርጅቱ ከእያንዳንዱ መንደር ጋራ ውል ተዋዋለ። በውሉ መሠረት ድርጅቱ መሣሪያውንና ትምህርቱን ይሰጣል፤ መንደሩ ደግሞ ቤቱን ያለ ኪራይ ይሰጣል፤ ሥራውን የሚያካሂዱትን በጎ ፈቃደኞች ከልጆቹ መካከል መርጦ ያቀርባል። ከሁሉ በላይ የጠበቀው ግን ሌላው ቃል ነበር፤ ይኸውም ቤቱ ሰው ሁሉ በሚገባበት ስፍራ እንዲሆን፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዕድሜ፣ በሴትነት ወይም ማንበብ ባለማወቅ ማንም ከበሩ እንዳይመለስ የሚል ነው።

ይህ ቃል ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የሕንድን ገጠር ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው እጅግ ከባድ ነው። በዚያ አገር ዳሊት የሚባሉ፣ በጥንቱ የዘር ሥርዓት እንደ ርኩስ ተቈጥረው ከመንደሩ ዳር ተለይተው የሚኖሩ ሕዝቦች አሉ። በሕግ ሁሉም እኩል ከሆነ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ ከፍ ያለ ዘር አለኝ በሚል ሰው ደጅ ዳሊት በድፍረት አይገባም፤ አትግባ የሚለው ሰው ባይኖር እንኳ ራሱ ያፍራል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ በአንድ ሀብታም ገበሬ እልፍኝ ቢቀመጥ፣ ገበሬው የቱንም ያህል ቸር ቢሆን፣ ወሬው ወደ መንደሩ ግማሽ ብቻ ይደርሳል። የሹሙ ቤት፣ የነጋዴው ሱቅ፣ የአንድ ወገን የጸሎት ቤትም እንዲሁ ነው። ኤምባላም በሚባለው መንደር ስፍራው የተገኘው በቤተ መቅደስ ቅጥር ነበር፤ አንዱ በር ወደ ጣዖቱ፣ አንዱ በር ወደ ኮምፒዩተሩ ይከፈት ነበር። በአንዳንድ ሌሎች መንደሮች የመንደሩ ሸንጎ ቤት ወይም ሌላ የሕዝብ ቤት ተሰጠ።

ሁለተኛው ብልሃት በመሣሪያው ፊት የሚቀመጠውን ሰው የሚመለከት ነው። ከበጎ ፈቃደኞቹ ከግማሽ የሚበልጡት ሴቶች ነበሩ። ብዙዎቹም ከዚያ ቀደም ኮምፒዩተር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ፣ የትምህርት ደረጃቸውም ከፍ ያለ ያልነበረ የመንደር ልጆች ናቸው። ሴት የተቀመጠችበት ቤት ለሴት አያስፈራም። እናት ስለ ልጇ ሕመም፣ ስለ ራሷም ጤንነት ለመጠየቅ ለማታውቀው ጎረምሳ ከምትናገር ይልቅ ዝም ብላ ብትመለስ ትመርጣለችና፣ ይህ ምርጫ ስለ ሴቶች ክብር የተደረገ ትሕትና ብቻ ሳይሆን ሥራውን የሚያሠራ ነገር ነበር።

በኪዡር መንደር የሆነው ነገር በ1992 ዓ.ም. በአሜሪካን ጋዜጣ ሳይቀር ተነግሯል። ማንበብና መጻፍ የማታውቅ አንዲት ሴት አንዲት የምትታለብ ላም ነበረቻት፤ የቤቱም ዋና ገቢ ከዚህችው ላም ወተት የሚገኝ ነበር። ላሟ ምጥ ይዟት አምስት ቀን ስታቃስት ቈየች፤ ሴቲቱም ላሟ ትሞትብኛለች ብላ ፈራች። ወሬው ኮምፒዩተሩ ካለበት ቤት በደረሰ ጊዜ፣ በዚያ ያለ ደመወዝ የምትሠራው ወጣት ሴት በአካባቢው ያሉትን የከብት ሐኪሞች ስም ዝርዝር ከመሣሪያው አውጥታ አስጠራች። በዚያው ሌሊት አንድ ሐኪም መጣ፤ በአንዲት አምፖል ብርሃን እጁን አግብቶ የጥጃውን እግር አገኘ፤ በገመድ አስሮም ስቦ አወጣው። ጥጃው በሕይወት ተወለደ፤ ላሟም ዳነች።

በዚህ ነገር ውስጥ ኮምፒዩተሩ የሠራው ምንድን ነው ቢባል፣ የስም ዝርዝር መያዝ ብቻ ነው። ዝርዝሩን በወረቀት ጽፎ በግድግዳ ላይ መለጠፍም ይቻል ነበር የሚል ሰው አይታጣም፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት ማንም አልጻፈውም። ለምን እንዳልተጻፈ ማሰብ ይገባል፤ ዝርዝሩን የሚያውቁት ሰዎች እንዲጻፍ የሚያስቸግራቸው ነገር አልነበረም፤ ዝርዝሩን የሚፈልጉት ሰዎች ደግሞ ጻፉልን ብለው የሚያዙበት ስፍራ አልነበራቸውም። የመንደሩ ቤት ሲከፈት ይህ ስፍራ ተገኘ።

የሥራው አደራደር እንዲህ ነበር። ኢንተርኔት የሚገኘው ቪሊያኑር በምትባል አነስተኛ ከተማ በቆመው ማዕከል ነበር። የመንደሮቹ የቴሌፎን መስመር የማይታመን ስለ ነበረ፣ ከማዕከሉ ወደ መንደሮቹ ወሬው በራዲዮ ሞገድ ይላካል፤ መብራትም በየጊዜው ስለሚጠፋ የፀሐይ ኃይል የሚያጠራቅሙ ሰሌዳዎችና ባትሪዎች ተጨመሩ። በቪሊያኑር ያሉት ሠራተኞች በእንግሊዝኛ የመጣውን ወሬ አንብበው፣ ለአገሩ የሚጠቅመውን ለይተው፣ በታሚል ቋንቋ ለገበሬ በሚገባ አነጋገር ጽፈው ይልኩታል። ከሩቅ አገር የሚመጣው ወሬ ግን ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። የሚበልጠው ከዚያው ከአካባቢው የሚሰበሰብ ነበር፤ የሩዝና የአትክልት የዕለት ዋጋ፣ የዘርና የማዳበሪያ ዋጋ፣ በቅርብ ባለው ሐኪም ቤት ሐኪም የሚገኝበት ቀንና ሰዓት፣ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት፣ የከብት በሽታ ምልክት፣ የአየሩ ጠባይ። በየሁለት ሳምንቱም ስሟ በአማርኛ «የመንደራችን ወሬ» እንደ ማለት የሆነ አንዲት ትንሽ ጋዜጣ ትወጣ ነበር።

የታሚል ፊደል 247 ነው ይባላል። ይህ ሁሉ ፊደል ለእንግሊዝኛ በተሠራው ኪቦርድ ላይ እየተመታ ይጻፍ ነበር፤ የመንደሮቹም ሴቶች ይህን ተምረው በፍጥነት ይጽፉ ጀመር። የግዕዝን ፊደል በኮምፒዩተር ለመጻፍ የደከመ ሰው የነገሩን ክብደት ያውቀዋል። የኛም ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው የአማርኛ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት እየሆነ ስንቱን ጸሓፊ እንዳስመረረ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። ገበሬው በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ወሬ የቱንም ያህል ቢበዛ ለርሱ ባዶ ወረቀት ነው።

ሹማምንትን ይበልጥ የሚመለከተው ሌላው ነገር የመንግሥት መዝገብ ነው። በሕንድ አገር ለድኾች የተመደቡ ልዩ ልዩ ርዳታዎች አሉ፤ ለባልቴት፣ ለሽማግሌ፣ ለአካለ ስንኩል፣ ቤት ለሌለው፣ ልጅ ለሚያስተምር። ርዳታውን ለመቀበል የቤተ ሰቡ ስም ከድኽነት መስመር በታች ናቸው ተብለው በተመዘገቡት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ መገኘት አለበት። ይህ ዝርዝር በመሥሪያ ቤት ሣጥን ውስጥ የተዘጋ በነበረ ጊዜ፣ ድኻው ስሙ መግባት አለመግባቱን ለማወቅ የጸሓፊውን ፊት ማየት፣ ተመላልሶ ደጅ መጥናት፣ አንዳንድ ጊዜም እጅ መንሻ ማቅረብ ነበረበት። ዝርዝሩና የርዳታዎቹ ደንብ በመንደሩ ኮምፒዩተር ከገቡ ወዲህ ግን ማንኛውም ሰው ገብቶ ስሜን ፈልጉልኝ ማለት ቻለ። ዝርዝሩን አውጥቶ ለመስጠት የመንግሥቱ ሹማምንት ፈቃድ አስፈልጎ ነበር፤ ፈቃዱን በመስጠታቸውም ከመሣሪያው ዋጋ የሚበልጥ ነገር ለሕዝቡ ሰጥተዋል።

ወደ ባሕሩ ዳር መንደሮች ስንመለስ ደግሞ ነገሩ የሕይወትና የሞት ነው። ቪራምፓቲናም የምትባለው መንደር ሕዝብ ከጥቂቶች በቀር ዓሣ አጥማጅ ነው። ዓሣ አጥማጅ ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚፈልገው የባሕሩን ሁኔታ ነው። የአሜሪካን የባሕር ኃይል ለራሱ መርከቦች ብሎ በኢንተርኔት የሚያወጣው የማዕበል ከፍታ ትንቢት በቪሊያኑር ይወሰድና በታሚል ተጽፎ ወደ መንደሯ ይላካል። ዓሣ አጥማጆቹም ከመንጋቱ በፊት ከታንኳቸው አጠገብ ሆነው፣ በባሕሩ ዳር ከተተከለው የድምፅ ማጉያ ይሰሙታል። ለኃያል መንግሥት የጦር መርከብ የተዘጋጀ ወሬ ለእንጨት ታንኳ ባለቤት እንዲህ ሆኖ ደረሰ። ከሰሚዎቹ መካከል ብዙዎቹ ኮምፒዩተሩ ካለበት ቤት ገብተው አያውቁም፤ መግባትም አላስፈለጋቸውም።

እንዲሁ ያለ ቤትና የድምፅ ማጉያ ናላቫዱ በምትባል ሌላ የዓሣ አጥማጆች መንደርም ነበር። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ በዕለተ እሑድ ጧት፣ በሱማትራ ደሴት አጠገብ ከባሕር በታች የተነሣው ታላቅ የምድር መናወጥ ሱናሚ የተባለውን ማዕበል አስነሣ። በዚያ ዘመን በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ እንዲህ ያለውን ማዕበል አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ማዕበሉ የሕንድን ጠረፍ ለመምታት ሁለት ሰዓት ያህል ቢፈጅበትም፣ በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ለጠረፉ ሕዝብ የነገረው አልነበረም። ከናላቫዱ ወጥቶ በሲንጋፖር ይሠራ የነበረ አንድ የመንደሩ ልጅ ግን የጥፋቱን ወሬ ሰምቶ ወደ ቤተ ሰቡ ቴሌፎን ደወለ። ወሬውን የሰሙት ሰዎች ወደ መንደሩ ቤት ሮጡ፤ በሩም ተዘግቶ ስለ ነበረ ሰብረው ገቡና፣ ለወትሮው የባሕሩን ሁኔታ በሚናገረው የድምፅ ማጉያ ሕዝቡ ከባሕሩ እንዲርቅ ለፈፉ። ከ3,600 በላይ የሚሆነው የመንደሩ ነዋሪ ሸሽቶ ዳነ። 150 ያህል ቤቶችና 200 ያህል ታንኳዎች ጠፉ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። የመጀመሪያው፣ በዚያ ጧት ሕዝቡን ያዳነው የኮምፒዩተሩ መስታወት አልነበረም፤ ቴሌፎንና የድምፅ ማጉያ ነበሩ። ሆኖም ሕዝቡ ዓመታት ሙሉ ከዚያ ማጉያ እውነተኛ ወሬ መስማት ባይለምድ ኖሮ፣ ያን ዕለት ድምፁን ሰምቶ ወዲያው ባልሮጠም ነበር። ሁለተኛውም የበሩ ነገር ነው። ሰዎቹ በሩን ሲሰብሩ የሌላ ሰው ቤት እንደ ሰበሩ አልቈጠሩትም፤ ቤቱ የራሳቸው ነበርና። ሕንድ ከዚህ ጥፋት በኋላ በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ በሃይደራባድ ከተማ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ማዕከል አቁማለች።

በዚያችው በሕንድ አገር በሌላ ስፍራ የተደረገው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በ1991 ዓ.ም. ሱጋታ ሚትራ የተባሉ ሊቅ በዴልሂ ከተማ፣ ካልካጂ በሚባል ሰፈር፣ የመሥሪያ ቤታቸውን ግንብ ቀደው አንድ ኮምፒዩተር ለድኾች ልጆች ክፍት አደረጉ። ልጆቹ ያለ አስተማሪ መሣሪያውን ማንቀሳቀስ ቻሉ፤ ይህም በዓለም ሁሉ ተደነቀ። ጥቂት ቈይቶ የከተማው መንግሥት በሌላ የድኾች ሰፈር እንዲሁ ያለ ቤት አሠራ፤ ኮምፒዩተሮቹ በውስጥ ተቈልፈው መስታወታቸው በግንቡ ቀዳዳ ይታይ ነበር። ኪቦርድ አልነበረም፤ ከውጭ ያለው ማንቀሳቀሻ ዘንግና ቁልፍ ብቻ ነበር፤ አስተማሪም አልተመደበም። ማርክ ዋርሻወር የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር ስፍራውን ጎብኝተው እንደ ጻፉት፣ ልጆቹ ሥዕል ሲሥሉና ጨዋታ ሲጫወቱ ይውሉ ነበር፤ በሂንዲ ቋንቋ የሚገኝ ነገር አልነበረም፤ ከወላጆችም አንዳንዶቹ ልጆቻችን ትምህርታቸውን ተዉ ብለው ያዝኑ ነበር። ልጅ ጨዋታ መጫወቱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን እናቱ በዚያ ቀዳዳ የምታገኘው ምንም ነገር አልነበረም።

በማድያ ፕራዴሽ ግዛት ዳር በሚባለው አውራጃ በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. የተከፈተው ጊያንዱት የተባለው ሥራ ግን ከሹማምንት የመጣ በመሆኑ በተለይ ሊታሰብ ይገባዋል። በየመንደሩ ገበያ ኮምፒዩተር ያለበት ትንሽ ቤት ተከፈተ፤ የመንደሩ ወጣቶችም ቤቱን እየጠበቁ፣ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ጥቂት ሩፒ እየተቀበሉ በዚያው እንዲተዳደሩ ተደረገ። ገበሬው በቤቱ የእህል ዋጋ ይጠይቃል፤ የመሬቱን መዝገብ ግልባጭ ያወጣል፤ አቤቱታም ይጽፋል። የውኃ ጉድጓድ ቢበላሽ፣ አስተማሪ ቢጠፋ፣ አቤቱታው በኮምፒዩተር ወደ አውራጃው ሹም ይሄዳል፤ መልሱም በሰባት ቀን ውስጥ እንዲመጣ ተደነገገ። በዚያው ዓመት ሥራው በስዊድን አገር የስቶክሆልምን ሽልማት አገኘ።

በኋላ ግን ነገሩ ቀዘቀዘ። መብራት ይጠፋል፤ መስመሩ ይቋረጣል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን መልሱ የሚዘገይ መሆኑ ነው። አቤቱታው በደቂቃ ከሹሙ ጠረጴዛ ሲደርስ፣ ሹሙ ግን እንደ ወትሮው ለወር ቢያስቀምጠው፣ ኮምፒዩተሩ ያፋጠነው የባላገሩን ተስፋ መቍረጥ ብቻ ነው። ጥቂት ሩፒ ከፍሎ መልስ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ አይመጣም፤ ለጎረቤቱም ይነግራል። ጠያቂ ሲጠፋ ቤቱን የሚጠብቀው ወጣት ገቢ ያጣል፤ ወደ ሌላ ሥራም ይሄዳል። እጅግ ድኻ የሆነው ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም ክፍያውን ፈርቶ አልቀረበም ነበር። ብዙዎቹ ቤቶች በዚህ ዓይነት ተዘጉ።

ከአፍሪካ ደግሞ በኡጋንዳ የናካሴኬን ማዕከል መጥቀስ ይቻላል። በ1991 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ቤት ከቤተ መጻሕፍት ጋራ የተጣመረ ነበር። በዚያም የገጠር ሴቶች ገንዘብ የሚያገኙበትን ብልሃት በሉጋንዳ ቋንቋ በድምፅ የሚያስተምር ትምህርት በኮምፒዩተሩ ላይ ተጭኖ ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት ዶሮ አርቢ ከዚያ ተምረው፣ ለሌሎች ሴቶች ደግሞ እርሳቸው አስተማሪ ሆኑ። ድምፁ ባይኖር ኖሮ ትምህርቱ ከብዙዎቹ እናቶች ዘንድ አይደርስም ነበር።

በአገራችንም ይህን የሚመስል ሙከራ አልታጣም። በ2004 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካን ማኅበር በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ላላዩ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ታብሌቶችን በካርቶን አድርጎ ሰጠ፤ ለዐዋቂዎቹም በፀሐይ ኃይል መሙላቱን ብቻ አስተማረ። ልጆቹ ካርቶኑን ከፍተው፣ መሣሪያውን አብርተው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የተዘጋበትን እስከ መክፈት እንደ ደረሱ ማኅበሩ ነግሯል። የልጆቹ ብልህነት የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም አባት የገበያ ዋጋ እንዲያውቅበት የተሠራ ነገር አልነበረም። ለገበሬው የቀረበው ሌላ መንገድ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የ8028 የቴሌፎን መስመር የእርሻን ምክር በገበሬው ቋንቋ፣ በድምፅና ያለ ክፍያ የሚናገር በመሆኑ ማንበብ የማይችለውንም ሰው አልተወውም።

ቴሌፎን ያለው ሰው ከበዛ ዘንድ የሕዝብ ኮምፒዩተር ቤት ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቴሌፎኑ በቤቱ አንድ ሲሆን የሚገኘው በአባወራው ኪስ ነው፤ አባወራው ገበያ ሲሄድ ቴሌፎኑም ይሄዳል። ደግሞም የመሬት ማረጋገጫ፣ ማመልከቻ፣ የትምህርት ምዝገባ በትንሽ መስታወት ላይ ፊደል ለማይለይ ሰው የሚፈጸሙ ነገሮች አይደሉም። እነዚህን የሚሠራለት ሰው ከሌለ፣ ገበሬው በከተማው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ለተቀመጠው ጸሓፊ ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ምስጢሩን ጭምር ነው።

ቤቱን እንደ አዲስ መሥራት ሁልጊዜ አያስፈልግም። በየቀበሌው የገበሬ ማሠልጠኛ ጣቢያ እንዲቆም፣ በርሱም ስለ ሰብል፣ ስለ ከብትና ስለ ተፈጥሮ ሀብት የተማሩ የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ ከተወሰነ ቈይቷል። ኮምፒዩተር ወደዚያ የሚገባበት ወረዳ ቢኖር፣ ርክክቡ በደረሰኝ ከመፈረሙ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች ከፖንዲቼሪ ሥራ ሊወሰዱ ይችላሉ። ጣቢያው ሴቶች ውኃ ለመቅዳት ወይም እህል ለማስፈጨት ከሚሄዱበት መንገድ ምን ያህል ይርቃል? ሠራተኛው ለስብሰባ ወደ ወረዳው ሲጠራ ቍልፉን ለማን ትቶ ይሄዳል? የሸክላ ሠሪው ወይም የቀጥቃጩ ልጅ ብትመጣ ከማን አጠገብ ትቀመጣለች? የዕለቱን የገበያ ዋጋ ከገበያው ማን ያመጣል፣ በስንት ሰዓትስ ይደርሳል? በገበያ ቀን ለተሰበሰበው ሕዝብ የሚነገርበት የድምፅ ማጉያ አለ ወይ? ባትሪው በሦስተኛው ዓመት ሲደክም የሚገዛበት ገንዘብ በየትኛው በጀት ተይዟል? ከጣቢያው ወደ ወረዳው ለሚላክ አቤቱታ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ የሚፈርመውስ ሹም ማን ነው?